እራፊ

ብርኖ ውስጥ ከኮረብታው ላይ ያለው የፔትሮቭ ደወል
ቀትር ሳይሞላ ነው «ቀትር ሆነ» የሚል፤
ገና በአምስት ሰዓት የስድስቱን ይመታል፣
ሦስት መቶ ሰማንያ ዓመት እንዲህ ሲዋሽ ኖሯል።

«ከበባ ላይ ሳሉ ነው» አለች ዝደንካ፣ «የስዊድኑ ጄኔራል
‹እስከ ቀትር ካልያዝኳት ትቼ እሄዳለሁ› ብሎ ምሏል፤
ደዋዩ ይህን ሰማና ገመዱን ቀድሞ ሳበ፤
ጄኔራሉ ቃል አለበት፤ ጓዙን ሰበሰበ።»

ይህን የምታወራኝ ከሆስፒታሉ ምድር ቤት፣
ጆሮ ከሚያደነቁር ማራገቢያ ሥር፣ ከሰርቨሮቹ ፊት።
«የዛሬዋ ሽንቁርም የዚያች ደወል እህት ናት፤
በማየትና በመክፈት መሃል ያለች ቅጽበት።»

አስኳሉ፣ ከርነል የምንለው፣ የሁሉ በር ዘበኛ፣
መታወቂያ ይቀበላል፣ ያገላብጣል እንደ ዳኛ፤
ፎቶውን ከፊት ያስተያያል፤ «እለፍ» ሊል ዞር ሲል፣
ከጥቅሻ ባነሰች ፋታ የቆመው ሰው ሌላ ይሆናል።
የታየው አልገባም።
የገባው አልታየም።

ራዶቫን የሚባል ተማሪ ነው ያገኛት፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ፤
ሊሸጣት ሲችል፣ በነጻ አሳወቀ ለባለቤቱ።
መድኃኒቷ ምን ነበረ? አንድ መስመር ከታች ወደ ላይ፦
መጀመሪያ ቆልፍ፣ ከዚያ ጠይቅ፣ ከዚያ እይ።
አሥራ አንድ ዓመት ከስንት ሊቅ ዓይን ሥር የተኛች
በአንዲት መስመር ተደፈነች።

ለዝደንካ ነገርኳት፦ በአገሬ ሰው አፍ ጻፈ ማለት ጣፈ ነው፤
የተቀደደ የሰፋም ጣፈ፤ ስሙ አንድ ነው፣ ሁለቱ ሰው።
«እንግዲያ ጣፊዎች ነን» አለች፣
ቃሉን በቼክ ምላሷ እያላመጠች።

ቭላስቲሚል ግን እምቢ አለ።
ማሽኑ ሳይጠፋ አንድ ሺህ አንድ መቶ ስድስት ቀን ሆኖታል፤
በየጠዋቱ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ቁጥሩን ያድሳል።
«ሚስቴ ስትሞት እንኳ» አለ «እሱ አላንቀላፋም፤
ለአንዲት እራፊ ብዬ ልቡን አላቆምም።»
ምን ይባላል? የኮቱ እጅጌ በጠመኔ ነጥቷል።
ዝደንካ ብቻ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፦
«ቭላስታ፣ ያልተኛ ሁሉ ነቅቷል አይባልም።»

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት። አራተኛ ፎቅ ላይ ነርስ ብላንካ
የሕሙማኑን ትንፋሽ በእስክሪብቶ ትመዘግባለች፣ አንድ በአንድ ለክታ።
ቁልፉን የተጫነው ራሱ ነው። እኛን አላስነካም።
ማራገቢያው ወረደ፣ ወረደ፣
ቆመ።
እንዲህ ያለ ዝምታ እዚያ ቤት ሰምቼ አላውቅም።
የሽማግሌው ከንፈር ይቆጥራል፦ አርባ፣ አርባ አንድ፤
ሰማንያ ላይ ሲደርስ ቁጥሩ ጠፋበት መሰለኝ፤
ከዚያ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ፤
ከዚያ ነጫጭ ፊደላት በጥቁሩ መስኮት ላይ እንደ አሸን ፈሉ።

በእጅጌው ግድግዳውን ጠረገ።
ከጫፉ ጀምሮ፣ ሳይቸኩል፣ «ዜሮ» ብሎ ጻፈ።
ወይም ጣፈ።

ጨርቁ የቱ ነበር፣ እራፊው የቱ? ማንም አሁን አይለይም፤
ሠላሳ ዓመት ሲጣፍ የኖረ ድሪቶ መነሻው አይታወቅም።
ብርድ ግን አያስገባም፤
እስከ ማክሰኞ።
ማክሰኞ ሌላ ቀዳዳ ይሰማል፤ እንደገና መርፌ፣ እንደገና ክር፣
እንደገና ዝደንካና እኔ ከማራገቢያው ሥር።

ረፋዱ ላይ ወጥቼ ትራም ስጠብቅ፣ ዓይኔ እየተከደነ፣
ከኮረብታው ድምፅ ወረደ፤ «ቀትር ሆነ፣ ቀትር ሆነ»።
ሰዓቴን አየሁ፤ አምስት።
ባለ ከረጢቷ ሴትዮ፣ ውሻ የሚስበው ጎረምሳ፣
ሁሉም ሰሙ፤ ማንም ቀና አላለም።
ይህቺን ስህተት ያውቋታል፤
ይህቺን ግን ማንም አልጣፋትም።